ኮራል የሚኖረው በሚነካው ውኃ እንጂ በፓምፑ ካርቶን ላይ በተጻፈው ቁጥር አይደለም

በመኖሪያ ቤቱ የኮራል አኳሪየም የሚያቋቁም ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ የሚያወጣው ዐይኑ በሚያየው ነገር ላይ ነው። ሰማያዊ ብርሃን የሚረጭ መብራት፣ ጥርት ያለ መስታወት፣ ቀለማቸው የሚያንጸባርቅ ዓሦች፣ የውኃውን ጨውና ካልሲየም የሚለኩ መሣሪያዎች ከግዢው ዝርዝር አናት ላይ ይሰፍራሉ። ውኃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ግን ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ፣ ከተረፈው ገንዘብ ላይ ይገዛል፤ የሚመረጠውም በካርቶኑ ላይ በሰፈረ አንድ ቁጥር ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ኮራል ከተተከለበት የማይነቃነቅ እንስሳ ነውና ምግቡንና ትንፋሹን የሚያመጣለት፣ ቆሻሻውንም የሚወስድለት የሚንቀሳቀስ ውኃ ነው። ውኃው ከቆመበት፣ ምርጥ የተባለው መብራት ቢበራለትም ከሞት አያድነውም።

በቤት ውስጥ ኮራል ማርባት በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰፊ ተከታይ ያለው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። በዘርፉ ስለ ውኃ ፍሰት የሚሰጠው የተለመደ ምክር ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ነው፤ «ፓምፕህ በሰዓት የአኳሪየሙን መጠን ሃያ እጥፍ ውኃ ይግፋ» ይላል። አንዳንዱ አሥር እጥፍ፣ አንዳንዱ ደግሞ አርባ እጥፍ ይላል። ምክሩ ለመያዝ ቀላል ስለሆነ ተስፋፍቷል። ነገር ግን የሚለካው ፓምፑን እንጂ ኮራሉን አይደለም፤ ስህተቱም ከዚህ ይጀምራል።

ስሷ የውኃ ንብርብር

ብዙ ሰው ኮራልን የሚያውቀው ለጌጥ በተሠራ ዶቃ ወይም በደረቀ ነጭ ድንጋይ መልክ ነው። ሕያው ኮራል ግን ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበት ማኅበር ነው፤ ድንጋዩም እነርሱ የገነቡት አጽም ነው። የአብዛኞቹ ሪፍ ሠሪ ኮራሎች ሥጋ ውስጥ በዐይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ በብርሃን ኃይል ስኳር ይሠራሉ፤ ከዚያም አብዛኛውን ለአስተናጋጃቸው ያካፍላሉ። ኮራሉ በበኩሉ መጠለያና ንጥረ ነገር ይሰጣቸዋል። ስምምነቱ ጸንቶ የሚቆየው በኮራሉ ሥጋና በዙሪያው ባለው ውኃ መካከል ልውውጥ እስካለ ድረስ ነው።

ልውውጡን የሚያዘገየው ደግሞ ውኃው ራሱ ነው። ማንኛውም ውኃ በጠጣር ነገር ላይ ሲያልፍ ከገጹ ጋር የተጣበቀው ክፍል ይዘገያል። በኮራሉ ቆዳ ላይ፣ ከሚሊ ሜትር ክፍልፋይ አንሥቶ እስከ ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ውፍረት ያለው፣ የቆመ የሚመስል ንብርብር ይፈጠራል። ኦክስጅንም ሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ፎስፌትም ሆነ ናይትሬት ይህን ንብርብር የሚያቋርጡት ቅንጣቶቻቸው በራሳቸው እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ሲሰራጩ ነው።

ይህ ዝግታ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ የኦክስጅን ቅንጣት በውኃ ውስጥ በስርጭት ብቻ አንድ ሚሊ ሜትር ለመጓዝ በአማካይ አራት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ንብርብሩ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ቢሳሳ ግን ጉዞው ከሁለት እስከ ሦስት ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ርቀቱ በአሥር ሲቀንስ ጊዜው በመቶ ይቀንሳል። ንብርብሩን የሚያሳሳው የውኃው ፍጥነትና መታወክ ነው። እንግዲህ ፓምፕ ለኮራል የሚሠራው ዋና ሥራ ይህ ነው፤ በእንስሳውና በባሕሩ መካከል ያለውን ግድግዳ ያሳሳል።

ግድግዳው በወፈረ ጊዜ ቀንም ሌሊትም ችግር ይመጣል። በቀን አልጌዎቹ ብዙ ኦክስጅን ያመርታሉ፤ መውጫ ሲያጣ በሥጋው ውስጥ ይከማቻል፤ የተከማቸ ኦክስጅን ደግሞ ሕዋሳትን የሚጎዱ ኬሚካሎችን ያስከትላል። በሌሊት ምርቱ ይቆማል፤ ኮራሉም አልጌውም መተንፈሳቸውን ይቀጥላሉ፤ ኦክስጅኑም በኮራሉ ቆዳ ላይ ሊሟጠጥ ይደርሳል። ኃይለኛ መብራት ገዝቶ ደካማ ፍሰት የሚያቀርብ አርቢ የቀኑን ጉዳት እያባባሰ መሆኑን አያስተውልም። ብርሃን በጨመረ ቁጥር የሚወጣው ኦክስጅን ይጨምራል፤ የሚያወጣው ውኃ ግን አብሮ አልጨመረም።

ሳይንሱ ከቀይ ባሕርና ከኦኪናዋ

ይህ ከመላ ምት የመጣ ሐሳብ አይደለም። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኤይላት ጠረፍ የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት የውኃ ፍሰት የኮራልን፣ የባሕር ሣርንና የባሕር አረምን ፎቶሲንተሲስ እንደሚያሳድግ አሳይተዋል። ከዚያ በፊት ብዙዎች ፍሰት የሚጠቅመው ካርቦን ስለሚያመጣ ነው ብለው ያስቡ ነበር። የጥናቱ መልስ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ዋናው ጥቅም የሚመጣው ነገር ሳይሆን የሚወጣው ነበር። ፍሰቱ የተከማቸውን ኦክስጅን ከሥጋው ስለሚያስወጣ ካርቦንን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም ሥራውን በተሻለ ቅልጥፍና ያከናውናል።

ሁለተኛው ማስረጃ ከጃፓን የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የባሕር ሙቀት ባሻቀበ ጊዜ በኦኪናዋ ዙሪያ ብዙ ኮራሎች ነጥተው ሞቱ። ናካሙራና ቫን ዌሲክ የተባሉ ሳይንቲስቶች ከሦስት ዓመት በኋላ ባሳተሙት ሥራ፣ አንድ ዓይነት የአክሮፖራ ኮራሎችን በፈጣንና በዝግተኛ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ሲያነጻጽሩ፣ በዝግተኛው ውኃ የነበሩት በከፋ ሁኔታ መጎዳታቸውን አሳዩ። ሙቀቱና ብርሃኑ ያው ሆኖ ሳለ የውኃው ፍጥነት በሕይወትና በሞት መካከል ልዩነት ፈጠረ። በቤት አኳሪየም ውስጥ በበጋ ወራት የውኃው ሙቀት ሁለትና ሦስት ዲግሪ ከፍ ሲል ለሚጨነቅ አርቢ ይህ ቀጥተኛ ትምህርት አለው፤ ማቀዝቀዣ እስኪደርስ ድረስ ፍሰቱን ማሻሻል የመከላከያው አካል ነው።

ሦስተኛው ጥናት ምስሉን ያሟላል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት ኮራል ሙሉ በሙሉ የውኃው ተገዢ አይደለም። በቆዳው ላይ ያሉ ሲሊያ የተባሉ ጥቃቅን ጸጉር መሰል አካላት ያለማቋረጥ እየቀዘፉ አጠገቡ ያለውን ውኃ በትናንሽ አዙሪቶች ያማስላሉ። ስለዚህ በረጋ ውኃም ለጥቂት ጊዜ ራሱን መርዳት ይችላል። ነገር ግን የሲሊያ ድርሻ አጠገቡ ያለውን ውኃ ማማሰል ብቻ ነው፤ በዙሪያው ያለው ውኃ ራሱ ካልታደሰ የሚያማስለው ያንኑ ያረጀ ውኃ ይሆናል።

በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ምን ይነግራል?

አሁን ወደ ተለመደው ምክር እንመለስ። ርዝመቱ 120፣ ወርዱና ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም 300 ሊትር ውኃ ይይዛል። በሃያ እጥፍ ሕግ መሠረት በሰዓት 6 ሺሕ ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ይበቃዋል ማለት ነው። ጥያቄው ግን ይህ ፓምፕ በኮራሉ ላይ ምን ፍጥነት ይፈጥራል የሚለው ነው።

ውኃው በአኳሪየሙ ግማሽ በኩል ሄዶ በሌላው ግማሽ በኩል ይመለሳል እንበል። የሚሄድበት መተላለፊያ ስፋት 1,250 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ መተላለፊያ ውስጥ ያለው ውኃ በሙሉ በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር እንዲጓዝ ከተፈለገ በየሰከንዱ 12 ሊትር ተኩል፣ በየሰዓቱ ደግሞ 45 ሺሕ ሊትር ማለፍ አለበት። ይህም የአኳሪየሙ መጠን 150 እጥፍ ነው። በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ደግሞ በባሕር ውስጥ ማዕበል ለሚመታው የሪፍ ግንባር መጠነኛ ፍጥነት ነው እንጂ ኃይለኛ የሚባል አይደለም።

ታዲያ ባለ 45 ሺሕ ሊትር ፓምፕ መግዛት ያስፈልጋል ማለት ነው? አያስፈልግም። ከፓምፑ የሚወጣው ውኃ በአጠገቡ ያለውን ውኃ ይዞ ይጓዛል፤ የተገፋው ውኃ መንገዱ ካልተዘጋበት ተዟዙሮ ተመልሶ ፓምፑን ከኋላ ያግዘዋል። ልክ እንደ ዥዋዥዌ፣ በትክክለኛው ጊዜና ቦታ የተጨመረ ትንሽ ግፊት ትልቅ እንቅስቃሴ ይፈጥራል። ስለዚህ ተመሳሳይ ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት ፓምፖች በሁለት አኳሪየሞች ውስጥ ፈጽሞ የተለያየ ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ። አንደኛው መንገዱ ክፍት በሆነ አኳሪየም ውስጥ የውኃውን ሙሉ አካል ሲያዞር፣ ሁለተኛው አፍንጫውን ዐለት ላይ ደቅኖ ጉልበቱን በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ ይጨርሳል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ግን የተሳሳተ ነበር።

የፓምፑ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። በጠባብ ቀዳዳ ጥቂት ውኃ በከፍተኛ ፍጥነት የሚተፋ ፓምፕና በሰፊ ፕሮፔለር ብዙ ውኃ በዝግታ የሚገፋ ፓምፕ እኩል ግፊት ሊኖራቸው ይችላል፤ የሚፈጁት ኃይል ግን እኩል አይደለም። ግፊት ከፍጥነት ጋር በቀጥታ ሲያድግ የሚጠይቀው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ያድጋልና፣ ሁለት እጥፍ ውኃ በግማሽ ፍጥነት መግፋት ያንኑ ግፊት በግማሽ ኃይል ያስገኛል። የፕሮፔለር ፓምፖች የቀድሞዎቹን ባለ ጠባብ አፍንጫ ፓምፖች ከገበያ እየገፉ የመጡት በዚህ ምክንያት ነው። የመብራት ክፍያን ይቀንሳሉ፤ ኮራሉንም በቀጭን የውኃ ጅራፍ ከመገረፍ ያድኑታል።

መብዛቱም ይገድላል

ከዚህ ሁሉ «እንግዲያው ፍሰት በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው» የሚል መደምደሚያ የሚያወጣ ሰው ሌላ ጥፋት ውስጥ ይገባል። ኮራሎች የሚኖሩበት የባሕር ክፍል እጅግ የተለያየ ነው። ቅርንጫፋማዎቹ አክሮፖራና ፖሲሎፖራ ማዕበል በሚሰበርበት አካባቢ ይለመልማሉ። ሥጋቸው የወፈረ እንደ ትራኪፊሊያ ያሉት ደግሞ በረጋ የሐይቅ መሰል ባሕር ወለል ላይ ይኖራሉ፤ ኃይለኛ ውኃ ሲመታቸው ሥጋቸው በገዛ አጽማቸው ስለት ላይ እየተፈተገ ይቀደዳል። ረጃጅም ጣቶች ያሉት ዩፊሊያ በቀስታ ሲወዛወዝ ያማረ ነው፤ ያለማቋረጥ በአንድ አቅጣጫ ሲገፋ ግን አንድ ጎኑ ይሸሻል፣ አጽሙም ገላጣ ይሆናል።

ምግብ መያዝም ልክ አለው። ፖሊፕ ምግቡን የሚይዘው በአጠገቡ የሚያልፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን በጣቶቹ በማጥመድ ነው። ውኃው በጣም ከዘገየ በአጠገቡ የሚያልፈው ምግብ ያንሳል፤ በጣም ከፈጠነ ጣቶቹ ይታጠፋሉ፣ የያዙትም ይነጠቃል። የሚበጀው በመካከል ያለው ነው።

ኮራል ከፍሰቱ ጋር ቅርጹን እንደሚያስማማም ይታወቃል። ያው የፖሲሎፖራ ዝርያ በኃይለኛ ውኃ ውስጥ ጥቅጥቅ ያለና አጭር ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በዝግተኛ ውኃ ውስጥ ደግሞ ቀጭንና ክፍት ሆኖ ያድጋል። ይህ ለአርቢው ሁለት ነገር ይነግረዋል። የመጀመሪያው፣ ከሌላ ሰው አኳሪየም የመጣ ቁራጭ ሲያድግበት ለኖረው ውኃ የተቀረጸ ነውና በአንድ ቀን ወደ ሌላ ዓይነት ውኃ መወርወር የለበትም። ሁለተኛው፣ ለውጡ ቀስ በቀስ ከመጣ ብዙ ኮራል ይለምደዋል። የፓምፕን ኃይል በሳምንታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ መጨመር ምንም ወጪ የለውም።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ለብዙ አርቢዎች የሚጥም አይደለም። ዐይን የሳበውን ኮራል ሁሉ በአንድ መስታወት ውስጥ መሰብሰብ ስህተት ነው። የማዕበሉንና የረጋውን ባሕር ነዋሪዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንዱን ሲያስደስት ሌላውን ያሠቃያል። አኳሪየም ከመቋቋሙ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ «የትኛውን የባሕር ክፍል ነው ወደ ቤት የማመጣው?» የሚለው ነው። የፍሰቱም የዐለቱም የመብራቱም ውሳኔ ከዚህ መልስ ይቀዳል።

ከማዕበል መማር

በባሕር ውስጥ ውኃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይፈስም። ማዕበል በየሰከንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዛል፤ ማዕበልና ነፋስ የሚገፉት ፍሰት በላዩ ያልፋል፤ የባሕሩ ሙላትና ጉድለትም በየሰዓታቱ አቅጣጫን ይለውጣል። ይህን አስቀድመው የተረዱት በሕዝብ አኳሪየሞች የሠሩ ሰዎች ነበሩ። የስሚዝሶኒያኑ ዋልተር አዴይ ሪፍን በመስታወት ውስጥ ለማኖር ሲሞክር የማዕበልን እንቅስቃሴ እንደ ትርፍ ነገር አልቆጠረውም፤ የሥርዓቱ መሠረታዊ አካል አድርጎታል። በሆኖሉሉ የዋይኪኪ አኳሪየም ኃላፊ የነበረው ብሩስ ካርልሰን ደግሞ ስሙን የያዘውን ቀላል መሣሪያ አስተዋወቀ፤ ከላይ የተቀመጠ በርሜል ቀስ እያለ ይሞላል፤ ውኃው የተወሰነ ከፍታ ላይ ሲደርስ በጠመዝማዛ ቧንቧ አማካይነት በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይለቀቃል። ውድ ሞተር ሳያስፈልግ እውነተኛ የማዕበል ምት ይገኛል።

የዛሬዎቹ ፓምፖች ይህንኑ በኤሌክትሮኒክስ ይሠሩታል። ሁለት ፓምፖች በተቃራኒ ጫፎች ተቀምጠው በፈረቃ ሲሠሩ ውኃው አቅጣጫውን ይለውጣል፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይገፋል። በዚህ ዘዴ ትናንት የፍሰት ጥላ የነበረው የዐለት ጀርባ ዛሬ ፊት ይሆናል። የሚያስቆጨው፣ ብዙ አርቢ ይህን ችሎታ ያለው ፓምፕ ከገዛ በኋላ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ኃይል፣ ሌት ተቀን እንዲሠራ ትቶት መሄዱ ነው።

ፓምፕ ከመገዛቱ በፊትም የሚሠራ ሥራ አለ፤ እርሱም ዐለቱ ነው። ዐለትን ከኋላ መስታወት ጋር አጣብቆ እንደ ግድግዳ መከመር የተለመደ ነው። ከኋላው ግን ውኃ የማይደርስበት ኪስ ይፈጠራል፤ የዓሦች ቆሻሻና የምግብ ትራፊ እዚያ ተከማችቶ ይበሰብሳል፤ ቀይ ሽፋን የመሰለው ሳያኖባክቴሪያም ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ቦታ ይበረታል። ዐለቱ ከመስታወቱ ርቆ፣ በመካከሉ መተላለፊያ ተትቶለት ከተደረደረ ግማሹ የፍሰት ችግር ገንዘብ ሳይወጣበት ይቃለላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ በችኮላ የተከመረ ዐለት ከዓመት በኋላ ኮራሉን ሁሉ አውልቆ እንደ ገና ለመሥራት ያስገድዳል።

መለኪያው በእጅ ላይ አለ

የውኃን ፍጥነት ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በመስታወቱ ላይ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ምልክት ማድረግ፣ ጥቂት የዓሣ ምግብ ቅንጣት መልቀቅና በሰዓት መቁጠር ይበቃል። ቅንጣቱ ርቀቱን በ3 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 15 ሰከንድ ከፈጀበት 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ልኬቱን በላይ፣ በታች፣ በዐለቱ ፊትና ጀርባ መደጋገም የአኳሪየሙን እውነተኛ ካርታ ይሰጣል። ይህን አሥር ደቂቃ የሚወስድ ሥራ አንድም ቀን ሳይሠሩ ለዓመታት የሚቆዩ አርቢዎች ጥቂት አይደሉም።

ኮራሉ ራሱም ይናገራል። ፖሊፖቹ ወጥተው ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዙ ከሆነ መልካም ነው። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ተኝተው ከታዩ ግፊቱ በዝቷል ወይም አቅጣጫው አይቀየርም። በቅርንጫፎቹ መካከል ዝቃጭ ካረፈ፣ ወይም ከላዩ የሚወጣው ዝልግልግ ሽፋን ሳይታጠብ ከዋለ ውኃው አልደረሰውም። አሸዋው እየተገፈፈ የመስታወቱ ወለል ከታየ ደግሞ ፓምፑ ወደ ታች አዘንብሏል።

ትክክለኛ ፍሰት አንድ ጊዜ ተገኝቶ የሚቀር ነገርም አይደለም። ኮራል ያድጋል፤ ያደገው ኮራል ለጎረቤቱ የሚሄደውን ውኃ ይጋርዳል፤ ለራሱም ውስጠኛ ቅርንጫፎች ይጋርዳል። ፓምፑ ላይ የኖራ ቅርፊትና አልጌ ይጋገራል፤ ኃይሉም ሳይታወቅ ይደክማል። በየጥቂት ወሩ ፓምፑን አውጥቶ በኮምጣጤ በተቀላቀለ ውኃ መዘፍዘፍና ማጠብ፣ ከዚያም ፍጥነቱን እንደ ገና መለካት ያስፈልጋል። ከስድስት ወር በፊት ልክ የነበረው ዛሬ ልክ ላይሆን ይችላል።

አንድ ጉዳይ ግን ከሁሉ ይቀድማል፤ እርሱም የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለ የባሕር ውኃ በሊትር ከ7 ሚሊ ግራም ያነሰ ኦክስጅን ብቻ ይይዛል። ፓምፑ ሲቆም የውኃው ገጽ ይረጋል፤ ከአየር የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በተለይ በሌሊት ዓሣው፣ ኮራሉና በዐለቱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሁሉ ያለውን ይሻማሉ። መብራት ለአንድ ቀን ቢጠፋ ኮራል አይሞትም፤ ፍሰት ለአንድ ሌሊት ቢቋረጥ ግን የዓመታት ድካም ሊጠፋ ይችላል። በባትሪ የሚሠራ አንድ ትንሽ ፓምፕ ወይም የአየር መንፊያ ከብዙ ውድ መሣሪያዎች ይልቅ ዋጋ አለው።

ለምን ያሳስባል?

የተለመደውን ሕግ የሚደግፉ ሰዎች ሚዛን የሚደፋ መልስ አላቸው። ጀማሪ የሚይዘው ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ብዙ ሰውም በሃያ እጥፍ ሕግ ጀምሮ ያማሩ ኮራሎችን አሳድጓል ይላሉ። እውነት ነው። ቁጥሩ ከሱቅ ለሚገዛ ፓምፕ መነሻ ሊሆን ይችላል። ለፍርድ ግን መጠቀሚያ ሊሆን አይገባም። ኮራሉ እየከሰመ ሳለ «ፓምፔ ሃያ እጥፍ ይገፋል፤ ስለዚህ ፍሰቱ ልክ ነው» ብሎ ወደ መድኃኒት፣ ወደ ጨው ማስተካከያና ወደ አዲስ መብራት የሚሮጥ ሰው ቁጥሩን ከእንስሳው በላይ አምኗል። የተሳካላቸውም አርቢዎች ሲታዩ፣ ስኬታቸው ከቁጥሩ ሳይሆን ፓምፑን እያዟዟሩ ኮራሉን ለዓመታት ከማስተዋላቸው የመጣ ነው።

ነገሩ የአንድ ሰው የሳሎን ጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀ ነበር። ነገር ግን ለገበያ ከሚቀርቡት ኮራሎች ብዙዎቹ ዛሬም በቀጥታ ከባሕር የተነቀሉ ናቸው። ለመጥፋት አደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ድንጋይ ሠሪ ኮራሎችን በሁለተኛ ዝርዝሩ ያካተተው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ዓለም አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ውስጥ መግባቷን አስታውቋል። በዚህ ዘመን ከባሕር ወጥቶ በእንክብካቤ ጉድለት በሦስት ወር የሚሞት ኮራል ባሕሩ ሊሰጥ የማይችለው ብድር ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ ይኸው ዕውቀት ሪፍን ለማዳን እየዋለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በጋ የፍሎሪዳ ባሕር ከመጠን በላይ በሞቀ ጊዜ ተመራማሪዎች በባሕር ውስጥ ያሳደጓቸውን ኮራሎች እያወጡ በየብስ ላይ ወደሚገኙ ገንዳዎች አሽሽተዋቸዋል። እነዚያን ገንዳዎች መጠለያ ያደረጋቸው በውስጣቸው የነበረው ቀዝቃዛና የሚንቀሳቀስ ውኃ ነበር። በሳሎኑ ውስጥ ኮራልን ከቁራጭ እያራባ ለጓደኞቹ የሚያካፍል አርቢ ከባሕር የሚነቀለውን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ኮራሎቹ በሕይወት ከቆዩለት ብቻ ነው።

ስለዚህ የኮራል አኳሪየም ለማቋቋም የሚያስብ ሰው የወጪ ዝርዝሩን ከፍሰት ቢጀምር ይበጀዋል። የባሕሩን ክፍል ይምረጥ፤ ዐለቱን ውኃ እንዲያልፍበት ይደርድር፤ ሰፊና ለስላሳ ግፊት ያለው፣ አቅጣጫ የሚያፈራርቅ ፓምፕ ይግዛ፤ ለመብራት መጥፋት ባትሪ ያዘጋጅ። ከዚያ በኋላ መብራቱን ያስብ። አኳሪየም ያለው ሰው ደግሞ አዲስ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ጥቂት የምግብ ቅንጣት ለቅቆ ሰከንድ ይቁጠር። ኮራሉ እየኖረበት ያለውን ውኃ ያን ጊዜ ያውቀዋል።